ሪፖርቱ ይነበባል፣ ግን ምን ተሠራ?

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ከወረዳ የሚመጣ ሪፖርት አጠቃልላለሁ። «ግንዛቤ ከመፍጠር አንጻር ከባለድርሻ አካላት ጋር በቅንጅት በመሥራት አበረታች ውጤት ተመዝግቧል» ይላል። ስንት ሰው ሠለጠነ? የት? የለም። ደውዬ ስጠይቅ የጻፈውም ልጅ አያውቀውም፤ ካለፈው ሩብ ዓመት ገልብጦት ነው። በዚህ ሪፖርት ላይ ተመሥርቶ በጀት ይመደባል እኮ! በጣም ያናድደኛል። እናንተ ጋ እንዴት ነው?

መልስ 1፦
እህቴ፣ እኔ አሠራር ይሻሻላል ተብሎ ቢፒአርም (የሥራ ሂደትን ከሥሩ መለወጥ)፣ ቢኤስሲም (ሥራን በነጥብ መመዘን)፣ ካይዘንም (ከጃፓን የመጣው ሥራን ደረጃ በደረጃ ማሻሻል) ሲመጡ ነበርኩ። ካይዘንን አልጠላውም። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት ሲባል መዝገብ ቤታችን ገብተን አሮጌውን ፋይል ለየን፣ መደርደሪያው ላይ ቁጥር ለጠፍን። ባለጉዳይ «ነገ ና» መባሉ ቀነሰ። ቢኤስሲ ግን እኛ ጋ ነጥብ መሙላት ብቻ ሆኖ ቀረ።

መልስ 2፦
ቅጹን ቀይሪው። እኛ «የተከናወኑ ተግባራት» የሚለውን ሰፊ ሳጥን አወጣነው። በምትኩ ቦታ፣ ቀን፣ የሰው ብዛት የሚሉ ዓምዶች አስገባን። ያልተሠራ ነገር ካለ ባዶው ቦታ ራሱ ይናገራል። መጀመሪያ ላይ ኩርፊያ ነበር፣ አሁን ለምደውታል።

ጠያቂዋ፦
ተባረክ! ለአለቃዬ አቀርበዋለሁ። «በሂደት ላይ ነው» የሚሉትንስ?

መልስ 2፦
የሚያልቅበትን ቀንና የያዘውን ሰው ስም ጠይቂ።