የአሳ ፎቶ ፕሮጀክት፦ የጋራ ፕሮፖዛላችን ውይይት (አትላንታ)

ሰብሳቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው የተነሳው የአሳ ፎቶ ነገር ወሬ ሆኖ እንዳይቀር እዚሁ እንጨርሰው። ለኮሚዩኒቲ ማዕከሉ የምናስገባው ፕሮፖዛል ከሁለት ገጽ እንዳይበልጥ ብለዋል። የኔ ሀሳብ፣ አንድ ቅዳሜ ተሰብስበን ጆርጂያ አኳሪየም እንገባለን፣ እናነሳለን፣ ጥሩ ጥሩውን አሳትመን አዳራሹ ውስጥ እንሰቅላለን፣ በቃ። ማን ምን ይጨምራል?

አምባዛ፦ ሰብሳቢያችን እንዳልከው ቢቀልማ ጥሩ ነበር 😀 ካሜራ ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ እዛ የገባ ሰው ይዞት የሚወጣው የራሱን ቲሸርት ነጸብራቅ፣ የሰው ጭንቅላትና ሰማያዊ ጭጋግ ነው። ትልቁ ገንዳ፣ ኦሽን ቮያጀር የሚባለው፣ 6.3 ሚሊዮን ጋሎን ነው፣ ዋናው መስኮት 61 ጫማ ስፋት፣ 23 ጫማ ከፍታ፣ ውፍረቱ ደግሞ 2 ጫማ አክሪሊክ፣ መስታወት የመሰለ ፕላስቲክ! እሱን ሰያፍ ሆነህ ካነሳህበት ምስሉ ይንሻፈፋል፣ የአሳው ጠርዝ ላይ የቀለም መስመር ይወጣል፣ ውድ ሌንስም አያድንህም። ፊት ለፊት ቀጥ ብለህ መቆም አለብህ። ሰው በገንዳው ስር የሚያልፍበት ዋሻ ደግሞ ግድግዳው ቆልማማ ስለሆነ ይብሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰው ቤት ባሉ ገንዳዎች እንለማመድ፣ አኳሪየሙ መጨረሻ ይሁን ባይ ነኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ሰው ቤት ነጻ ነው። ደግፌያለሁ።

ጉፒ፦ እኔ ያለኝ ስልክ ብቻ ነው፣ ልጆቹም እንደዛው። ፕሮፖዛሉ ትልቅ ካሜራ ላለው ብቻ ከሆነ ስሜን አታስገቡ።

አምባዛ፦ ኧረ እህቴ ስልክ እንዲያውም ጥሩ ነው፣ ሌንሱ ትንሽ ስለሆነ መስታወቱ ላይ ልጥፍ ይልልሻል፣ ነጸብራቅ የሚገባበት ቦታ አይኖርም። የስልኩን ፍላሽ አጥፊ፣ የክፍሉን መብራት አጥፊ፣ የገንዳው ብቻ ይብራ፣ ከዛ አሳውን እያሳደድሽ ሳይሆን አንድ ቦታ መርጠሽ ፎከሱን ቆልፈሽ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። ሲመጣ በተከታታይ ታነሺያለሽ፣ ከሃያው አንዷ ትወጣለች። ያው ዓይኑ ጥርት ካላለ ሌላው ቢያምርም ፎቶው ዋጋ የለውም።

ጋሽ ቆሮሶ፦ ልጆች፣ ካሜራው ከመውጣቱ በፊት ገንዳው ይዘጋጅ እንጂ። እኔ ቤት የምትመጡ ከሆነ ውሃውን አንድ ሁለት ቀን ቀድሜ በከፊል እቀይራለሁ፣ በዕለቱ ከሆነ ግን ከታች ያለው ሁሉ ይነሳና ብናኙ ፎቶው ላይ በረዶ የዘነበ ያስመስለዋል። የውስጡን አልጌ በመስታወት ማጽጃው ማግኔት እፈገፍጋለሁ፣ የውጭውን ነጭ የውሃ ምልክት ደግሞ ኮምጣጤ በነካ ጨርቅ፣ ወደ ውስጥ ጠብ እንዳይል ብቻ። ጠዋት አላበላቸውም፣ ሆዳቸው ተነፍቶ ምግቡ ዙሪያቸውን ተበትኖ ምን ፎቶ ይሆናል። ፊልተሩንም ለትንሽ ጊዜ አጠፋላችኋለሁ፣ ለብዙ ሰዓት ከጠፋ ግን ውስጡ ያለው ባክቴሪያ ኦክስጅን አጥቶ ይሞታል፣ እሱ ከሞተ አሳዎቹም ይከተሉታል። ስትወጡ ማብራቱን አስታውሱኝ፣ እርጅና ነው።

ሰብሳቢ፦ ጋሼ ይሄ ራሱ ግማሽ ገጽ ነው፣ እግዜር ይስጥልን። ጸሐፊያችን እየያዝሽ ነው አይደል?

የሰርግ ካሜራ፦ እኔ ሁለት ፍላሽ አመጣለሁ፣ አኳሪየሙም እንሂድ ቤትም እንሁን ያለ ፍላሽ ጊዜ ማባከን ነው፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃን የሚያጎላበትን) 6400 አድርገህ እህል የመሰለ ፎቶ ልታትም ነው?

አምባዛ፦ ቤት እሺ። አኳሪየም ውስጥ ግን አይሆንም፣ እነሱ ይፍቀዱ ይከልክሉ ብለን ሳንከራከር እኛው ራሳችን አንጠቀምም ብለን ፕሮፖዛሉ ላይ እንጻፈው። አንደኛ ብርሃኑ ከአክሪሊኩ ላይ ተመልሶ ሌንስህ ውስጥ ይገባል፣ ሁለተኛ የአጥንት አሳ የዓይን ቆብ የለውም፣ ድንገት ሲበራበት ምን ብሎ ይጨፍን። አይኤስኦ 3200፣ የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 2.8፣ ሹተሩን (የመክፈቻ ፍጥነቱን) 1/250 ሰከንድ ይዘህ ቀስ ያለውን አሳ ምረጥ፣ እህል የመሰለውን ደግሞ አሁን ሶፍትዌሩ ያጸዳልሃል። ቤት ስንሆን ፍላሹን ከጎን ሳይሆን ከላይ እናድርገው፣ ወደ ውሃው ቁልቁል፣ ስስ ነጭ ጨርቅ አልብሰን። ፀሐይም የምትመጣላቸው ከላይ አይደል፣ መስታወቱም ላይ ምንም አይመለስ። ኒዮን የሚባሉትን ትንንሽ አሳዎችና የመሳሰሉትን ብርማ ቅርፊት ያላቸውን ከፊት ከመታሃቸው እንደ መስታወት መልሰው ነው የሚያበሩብህ።

የሰርግ ካሜራ፦ እሺ ተቀብያለሁ፣ ግን ፍላሹ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ የማን ነው? 😅

ገንዘብ ያዥ፦ የማህበሩ አይደለም።

ጉፒ፦ አንድ ጥያቄ፣ የኔ ቤት ኤልኢዲ ነው፣ ስልኬ ሁሌ አግድም ጥቁር መስመር ያወጣብኛል፣ ስልኩ ነው መብራቱ?

አምባዛ፦ መብራቱ ነው፣ ዲም ስታደርጊው ለዓይን በማይታይ ፍጥነት ብልጭ ድርግም ይላል። ሙሉ በሙሉ ክፈቺውና ሹተሩን ወደ 1/120 ወይ 1/60 አውርጂው፣ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ሰማያዊ የኮራል መብራት ከሆነ ደግሞ ለፎቶው ያህል ነጩን አብሪው፣ አለዚያ ሁሉም አሳ ወይን ጠጅ ሆኖ ነው የሚወጣው።

ጋሽ ቆሮሶ፦ ስለ ኤግዚቢሽኑ አንድ ነገር ልበል። ዝም ብሎ አሳ ከምንሰቅል ከሀገራችን ጋር የሚያያዝ ነገር ይኑረው። እኔ ቤት ቢቺር አለኝ፣ እዚህ መደብር ውስጥ የሴኔጋል ቢቺር እያሉ የሚሸጡት። የሴኔጋል ይበሉት እንጂ ባሮ ወንዝ ውስጥም አለ፣ ጋምቤላ። ረጅም እንደ እባብ፣ ጀርባው ላይ ትንንሽ ክንፎች ተደርድረው፣ አየር ለመሳብ ብቅ ይልና ይመለሳል። ልጆቹ ይሄን ቢያዩ ደስ አይላቸውም?

ጉፒ፦ ጋሼ ኤሌፋንት ኖዝም፣ ያ ኩምቢ የመሰለ ነገር ያለው አሳ፣ አለኝ እኮ፣ እሱም ከባሮ ነው አይደል?

ጋሽ ቆሮሶ፦ አይደለም ልጄ፣ እዚህ የሚሸጠው የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ነው። ዘመዶቹ ባሮ ውስጥ አሉ፣ እሱ ግን አይደለም። ይቅረብ፣ ብቻ ስሙ ስር «ዘመድ» ብላችሁ ጻፉ፣ የጋምቤላ ልጅ መጥቶ እንዳይስቅብን።

ሰብሳቢ፦ የጣና አሳዎችስ? ሌላ ቦታ የሌለ ስንት ዓይነት ቢልጫ አለ እየተባለ።

ጋሽ ቆሮሶ፦ አለ፣ ግን እዚህ መደብር ውስጥ የት ታገኘዋለህ። የሌለንን ፎቶ ቃል አንግባ። ቆሮሶም ቢሆን የሀገራችን ነው፣ አምባዛም፣ እነሱን ፈልጉ።

ገንዘብ ያዥ፦ ቆሮሶ ከተባለ እዚህ ቡፎርድ ሃይዌይ ሱፐርማርኬት በሕይወት ገንዳ ውስጥ አለ፣ እያነሳን ለእራትም እንይዛለን። በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ግን እዚህ እንዳታነሱ፣ ባለፈው ግሩፑ ሊፈርስ ነበር።

ጸሐፊ፦ እሺ እስካሁን የጻፍኩት ይሄ ነው፣ ተመልከቱት፦ «ማህበራችን የውሃ ውስጥ ሥነ ፍጥረትን በተመለከተ ለወጣቶች ግንዛቤ ለማስጨበጥ የፎቶግራፍ ሥልጠናና ኤግዚቢሽን ለማካሄድ አቅዷል። ሥልጠናው በአባላት ቤት ባሉ ገንዳዎች ይጀመራል፣ ስልክ ያለው ሁሉ መሳተፍ ይችላል። ቀጥሎ ተሳታፊዎች ያለ ፍላሽና ያለ ትራይፖድ ጆርጂያ አኳሪየምን ይጎበኛሉ። የተመረጡ ፎቶዎች በማዕከሉ አዳራሽ ይቀርባሉ፣ በኢትዮጵያ ወንዞችና ሐይቆች የሚገኙ ዝርያዎች ለብቻቸው ይሰቀላሉ።»

የሰርግ ካሜራ፦ «ግንዛቤ ለማስጨበጥ» ይውጣ ባክሽ፣ ኤንጂኦ መሰልን። ልጆቹ አሳ ማንሳት ይማራሉ በይ፣ አለቀ።

አምባዛ፦ እኔም እንደዛው። አንድ ነገር ጨምሪ፣ ትልቅ ካሜራ ያለው በ«ሮው» (RAW፣ ካሜራው ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው ፋይል) ያንሳ የሚል፣ ውሃ ቀዩን ቀለም ስለሚበላው ራቅ ያለ አሳ ሰማያዊ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ጄፔግ (የተጨመቀው የተለመደው ፋይል) ከሆነ በኋላ ማስተካከሉ አይመቸንም። የሕትመት መጠንም ይጻፍ፣ የስልኩ ፎቶ ትንሽ፣ የካሜራው ትልቅ፣ ግን ሁለቱም አንድ ግድግዳ ላይ ይሰቀሉ እንጂ የስልኩን ጥግ እንዳትከቱት።

ጉፒ፦ 🙏🙏

ሰብሳቢ፦ አኳሪየሙ ቅዳሜ ከሆነ ሰው ይበዛል፣ በሥራ ቀን ጠዋት እንደተከፈተ ብንሄድስ? ልጆቹ ትምህርት ሲዘጋ።

ጸሐፊ፦ «ትምህርት ሲዘጋ በሥራ ቀን ጠዋት» ብዬ አስገብቻለሁ፣ ግንዛቤውንም አውጥቻለሁ። በቡድን ስንገባ ምን ይዘን መግባት እንደምንችል ለአኳሪየሙ ኢሜይል የሚጽፍ ሰው ግን ያስፈልጋል።

የሰርግ ካሜራ፦ እኔ እጽፋለሁ። ጥቁር ጨርቅም ከስቱዲዮ አመጣለሁ፣ ሌንሱ ዙሪያ ለመጋረድ፣ ለሁሉም ይበቃል።

ገንዘብ ያዥ፦ የሕትመቱን ዋጋ ከሁለት ቦታ ጠይቄ ሐሙስ እለጥፋለሁ። ጋሼ፣ ቤትዎ ስንት ሰው ይችላል?

ጋሽ ቆሮሶ፦ ቤቱ ሃያ ይችላል፣ ገንዳው ፊት ግን ከሦስት በላይ አትቁሙ፣ ቢቺሩ ይደበቃል። ሌላው ቡና እየጠጣ ይጠብቅ።