በቴሌግራም ተጀምሮ ፒያሳ ላይ የሚያልቅ አስፈሪ ታሪክ፦ እንዴት ይዘጋጃል?

ብሌን_ዘቀበና
ሰላም ለሁላችሁም። አንባቢው ራሱ የሚሳተፍበት አስፈሪ ልብ ወለድ እያዘጋጀሁ ነው። ሰባት ቀን ይወስዳል። አንዲት ልጅ የጠፋ ወንድሟን እየፈለገች በየማታው ቴሌግራም ቻናሏ ላይ ትጽፋለች፤ ምን ማድረግ እንዳለባት ተከታዮቿ በፖል (በድምፅ መስጫ) ይወስኑላታል። በሰባተኛው ቀን አዲስ አበባ ያሉት ተሳታፊዎች ከለገሃር ተነሥተው በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ እየወጡ ፍንጭ ይሰበስባሉ። አዲስ አበባ ውስጥ እስከ 60 ሰው እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ሌላ ውጭ አገር ያሉም ይኖራሉ። ምርጫዎቹ ሲበዙ ታሪኩ ከእጄ እንዳይወጣ ምን ላድርግ? ቦት (በራሱ መልእክት የሚቀበልና የሚመልስ ፕሮግራም) የግድ ነው? መንገድ ላይ ፍንጭ በወረቀት መለጠፍስ ያስኬዳል?

ባለቦቱ
ሰላም ብሌን። በየማታው ሁለት ምርጫ ሰጥተሽ እያንዳንዱ የየራሱን መንገድ ከያዘ በሰባተኛው ማታ 128 መጨረሻ ይጠብቅሻል። ያን ያህል የሚጽፍ የለም። ታሪኩ ማታ ይከፈል፣ በማግስቱ ግን ይገናኝ። ለምሳሌ ልጅቷ በሩን ብትከፍትም ባትከፍትም የወንድሟ ጃኬት ጠዋት ደጃፉ ላይ ይገኛል፤ ከፍታ ከነበረ ግን ጃኬቱ እርጥብ ነው። እስከ መጨረሻው የምትይዢው መረጃ ሦስት ብቻ ይሁን፦ በሩ ተከፍቷል ወይ? የወንድሟ ስልክ ማን እጅ ነው? ጎረቤቷን አምናለች ወይ? ከእነዚህ የሚወጡት ስምንት ጥምረቶች በሦስት መጨረሻ ይጠቃለላሉ።

ለቻናሉ ቦት አያስፈልግም። ቴሌግራም በአንድ ቻት እስከ 100 መልእክት ስኬጁል አድርጎ (ለመረጥሽው ሰዓት ቀጥሮ) ይይዛል፤ የሚልከው ከራሱ ሰርቨር ስለሆነ መብራት ቢጠፋም ስልክሽ ቢዘጋም መልእክቱ በሰዓቱ ይወጣል። ቦት የሚያስፈልግሽ ለሰባተኛው ቀን ነው፤ 60 ሰው መልስ ሲያዘንብ በእጅ አይደረስበትም።

ቦቱን በቦትፋዘር (የቴሌግራም ቦት መክፈቻ) ስትከፍቺ የሚያሰናክሉ ነገሮች አሉ። ቦት ቀድሞ ለሰው መጻፍ አይችልም፤ ሰውየው «ስታርት» መጫን አለበት። ስለዚህ ሊንኩን በሦስተኛው ማታ በታሪኩ ውስጥ አስገቢው፤ ሰባተኛው ቀን ሲደርስ ሁሉም ተመዝግቦ ያገኝሻል። የአዝራር ዳታ (አዝራሩ ሲጫን ለቦቱ የሚደርሰው ጽሑፍ) ከ64 ባይት አያልፍም፤ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ ከ21 ፊደል በላይ አይገባም። ጽሑፉን በአዝራሩ ላይ አሳይተሽ በዳታው ውስጥ ቁጥር ብቻ ያዢ። ቦት ወደ አንድ ግሩፕ በደቂቃ ከ20 መልእክት በላይ መላክ ስለማይችል ፍንጩን በግሩፕ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ሰው በግል ይላክ።

ብዙዎች የሚረሱት ደግሞ ፊደል ነው። መልሱ «ፀሐይ» ከሆነ አንዱ «ጸሀይ»፣ ሌላው «ፀሀይ» ብሎ ይልካል። ቦቱ ከማነጻጸሩ በፊት ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነቤተሰቦቻቸው ይቀይር፤ ክፍት ቦታና ነጥብ ያውጣ። በላቲን ፊደል የሚጽፉም ስላሉ ከተቻለ መልሱን ቁጥር አድርጊው። ትክክለኛ መልስ ያመጣን ሰው «ተሳስተሃል» ከማለት በላይ ፍርሃትን የሚያፈርስ ነገር የለም።

ድምፅና_ጥላ
ሰው የሚፈራው ስልኩ ውስጥ ነው። መንገዱ ያንን ፍርሃት ያጸናዋል እንጂ ከባዶ አይፈጥረውም። ስለዚህ አስፈሪ ሥዕል ከመደርደር የቴሌግራምን ባሕርይ ተጠቀሚበት።

በእኔ እምነት ትልቁ መሣሪያ ላይቭ ሎኬሽን (አንድ ሰው ያለበትን ቦታ ካርታ ላይ በሚንቀሳቀስ ነጥብ የሚያሳይ መልእክት) ነው። ቦት ከ60 ሰከንድ እስከ 24 ሰዓት የሚቆይ ላይቭ ሎኬሽን ልኮ ነጥቡን ማንቀሳቀስ ይችላል። በእግር ለሚሄድ ሰው በየ20 ሰከንዱ 25 ሜትር ያህል አስኪጂው፤ ከዚያ በላይ ካስሮጥሽው መኪና ይመስላል። ልጅቷ «ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌያለሁ» ብላ ስትጽፍ ነጥቡ ግን በቸርችል ጎዳና ሽቅብ መሄዱን ይቀጥል። ምንም ማብራሪያ አትጨምሪ።

የድሮ ፖስት ማስተካከልም ይሠራል። በሁለተኛው ማታ «ብቻዬን ነኝ» ያለችው በአምስተኛው ማታ «ብቻችንን ነን» ሆኖ ይገኝ። «ተስተካክሏል» የሚለው ምልክት ስለሚታይ ወደ ኋላ ሄዶ የሚያነብ ሰው ራሱ ያገኘዋል። ከሁለት ጊዜ በላይ ከደገምሽው ግን ሁሉም ታሪኩን ትቶ ምልክት ፍለጋ ይገባል።

ድምፅ ሲላክ ከኮምፒውተር የገባ ፋይል እንደ ዘፈን ከነስሙ ይታያል፤ ኦፐስ በተባለው የድምፅ ፋይል ዓይነት አዘጋጅተሽ በቦት በኩል በድምፅ መልእክትነት ላኪው። በሰከንድ 32 ኪሎ ቢት ሲሆን አንድ ደቂቃ 240 ኪሎ ባይት ገደማ ስለሚሆን ዳታ ለሚቆጥብ ሰው አይከብድም። ርዝመቱ ከ40 ሰከንድ አይለፍ።

ፎቶን በፎቶነት ስትልኪ በውስጡ ያለው የቦታ መረጃ ይጠፋል፤ በፋይልነት ስትልኪ አብሮ ይሄዳል። ለፍንጭ ጥሩ ነው፤ ግን ቤትሽ ያነሣሽውን በፋይል ከላክሽ የሚታወቀው የራስሽ ቤት ነው።

ሰዓት ላይ ተጠንቀቂ። ከምሽቱ 1 ሰዓት በስልክ 19:00፣ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) በሚሠራ ሰርቨር 16:00 ነው። ዋሽንግተን ላለ ሰው በበጋቸው እኩለ ቀን፣ በክረምታቸው ከረፋዱ 5 ሰዓት ይሆናል። ፖሉን 24 ሰዓት ክፍት ካላደረግሽው ታሪኩን የሚወስነው አዲስ አበባ ያለው ብቻ ነው።

የእግር_መንገድ
ወረቀት አትለጥፊ፤ ሽቦና መብራት ያለው ዕቃማ በፍጹም። በጥር 2007 እ.ኤ.አ. ቦስተን ውስጥ ለማስታወቂያ የተሰቀሉ ባለመብራት ሰሌዳዎች ቦምብ ተብለው መንገዶችና ድልድዮች ተዘግተዋል፤ ኩባንያዎቹ 2 ሚሊዮን ዶላር ከፍለዋል። አዲስ አበባ ውስጥ የተጣለ ካርቶን የሚያስከትለውን መገመት አያዳግትም።

ፍንጩ እዚያው ያለ ነገር ይሁን። ትግላችን ሐውልትና ቴዎድሮስ አደባባይ ያለው የሴባስቶፖል መድፍ ቅርጽ ሁለቱም መንገድሽ ላይ ናቸው። ጥያቄው ግን ቆሞ ካላዩት የማይመለስ ይሁን፦ አፈ ሙዙ ወደየት ያያል፣ ከጀርባው ምን ሱቅ አለ። ፎቶው ኢንተርኔት ላይ የሞላውን ጎን ከጠየቅሽ አገር ቤት ሳይመጣ የሚፈታው አይጠፋም። የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን ስለቀየረው የጉግል ካርታን አትመኚ፤ በዋዜማው ራስሽ ሄደሽ እያንዳንዱን መልስ አረጋግጪ፣ ለእያንዳንዱም መጠባበቂያ ጥያቄ ያዢ። ቦታውን በጂፒኤስ የምታረጋግጪ ከሆነ ክልሉን ከ50 ሜትር አታጥብቢው፤ ፎቅ አጠገብ ነጥቡ ይዘላል።

የግድ የሚያዝ ነገር ካስፈለገ ባለቤቱ የፈቀደ ካፌ ባንኮኒ ላይ በፖስታ ይቀመጥ። ኪውአር ኮድ ከሆነ በኤች ደረጃ (ጉዳትን በጣም በሚቋቋመው) ይታተም፤ 30 በመቶው ቢበላሽም ይነበባል። ስፋቱ የሚነበብበት ርቀት አንድ ዐሥረኛ ይሁን፤ ከ1 ሜትር ለማንበብ 10 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው።

በአምስት በአምስት 12 ቡድን አድርገሽ በየ8 ደቂቃው ልቀቂ። የመጀመሪያው 11 ሰዓት ተኩል ቢነሣ የመጨረሻው 1 ሰዓት ሊሆን ሲል ይወጣል፤ ብርሃኑም መንገድ ላይ ይጨልምባቸዋል። ሽቅቡ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከነፍንጩ አንድ ሰዓት በቂ ነው። እሪ በከንቱ የሚባለው ሰፈር ለስሜቱ ቢያጓጓም ከዋናው መንገድ አታውጫቸው፤ ወንዝ ዳርና እንጦጦ ጫካም አትላኪ፣ ጅቡ እውነተኛ ነው። ቤተ መንግሥት፣ ኤምባሲና ባንክ አጠገብ ፎቶ የሚያስነሣ ጥያቄ አይኑር። «ታሪኩ ይቁም» ብሎ የጻፈ ሰው ወዲያው ከልጅቷ ሳይሆን ከአዘጋጇ መልስ ያግኝ።

በጣም የሚያሳስበኝ የጠፋው ወንድም ነው። ስክሪንሾቱ ከቻናሉ ወጥቶ ፌስቡክ ላይ ሲዞር ልብ ወለድ መሆኑን የሚያውቅ አይኖርም። በየምስሉ ጥግ «ልብ ወለድ» የሚል ጽሑፍ ይኑር፤ የፖሊስ ዓርማና የሚሠራ ስልክ ቁጥር አይግባ፤ ፎቶው የፈቀደ ተዋናይ ይሁን። አዋጅ 1185/2012 ሁከት ሊያስነሣ የሚችል ሐሰተኛ መረጃን ይቀጣል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም 100,000 ብር ይደርሳል።

ጭራቁን ቡዳ አታድርጊው። በዚያ ስም ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩና ቤተ እስራኤሉ ተሳድደዋል፤ እውነተኛ ሰፈር ውስጥ የሚካሄድ ታሪክ ደግሞ ጣቱን ወደ እውነተኛ ሰው ሊቀስር ይችላል።

ብሌን_ዘቀበና
እግዜር ይስጥልኝ። ውጭ ያሉትስ በሰባተኛው ቀን ምን ይሥሩ?

ባለቦቱ
ከየቡድኑ ጋር ሁለት ሁለት አድርገሽ አጣምሪያቸው። መንገድ ላይ ያለው የሚያየው ቦታውን ብቻ ነው፤ የልጅቷ የድሮ ፖስቶችና የነጥቡ ካርታ ውጭ ላሉት ብቻ ይላክ። አንዱ ያለ ሌላው መልሱን አያገኝም፤ ኔትወርክ ቢቆራረጥ እንዲግባቡም በጽሑፍ እንጂ በቪዲዮ አይሁን።