ጥቆማ፦ ለኦቨርክሎክ የሚሆን ማዘርቦርድ የትኛው ነው? ከየትስ ይገዛ?

የሾላው፦
ሰላም ለሁላችሁ። የኢንቴል ኮር አልትራ 9 285ኬ ፕሮሰሰር በእጄ ገብቷል፤ የቀረኝ ማዘርቦርዱ ነው። የአክስቴ ልጅ በሚቀጥለው ወር ከቨርጂኒያ ወደ አዲስ አበባ ስለምትመጣ አንድ ቦርድ በሻንጣዋ ይዛልኝ ልትመጣ ቃል ገብታልኛለች። ሦስት አማራጮች ለይቻለሁ፤ እነሱም የአሱስ ማክሲመስ ዜድ890 አፔክስ፣ የጊጋባይት ዜድ890 አውረስ ታኪዮን አይስ እና የኤምኤስአይ ሜግ ዜድ890 ዩኒፋይ-ኤክስ ናቸው። ሦስቱም ሁለት የራም መሰኪያ ብቻ ያላቸው፣ ለኦቨርክሎክ፣ ማለትም ፕሮሰሰርንና ራምን ከተወሰነላቸው ፍጥነት በላይ ለማሠራት፣ ተብለው የተሠሩ ቦርዶች ናቸው። ጨዋታ እምብዛም አልጫወትም፤ የሚያስደስተኝ ራሙን ከተለመደው ፍጥነቱ በላይ አውጥቼ ሳይንገዳገድ እንዲሠራ ማድረጉ ራሱ ነው። ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። አንደኛ፣ ኮምፒውተሩ አልነሣም ሲል ጥፋቱን ለይቶ ለማወቅ የሚቀለው በየትኛው ቦርድ ነው? ሁለተኛ፣ ቦርዱ ቢበላሽ አዲስ አበባ ሆኖ ዋስትናውን ለማስከበር የሚሻለው ከየት የተገዛው ነው?

የፌርፋክሱ፦
ወንድሜ፣ የአክስትህ ልጅ ቨርጂኒያ ካለች ምንም የሚያሳስብህ ነገር የለም። ፌርፋክስ ወደሚገኘው ማይክሮ ሴንተር ወደሚባለው የኮምፒውተር ሱቅ ጎራ ትበል፤ መኖሪያዋ ወደ ሜሪላንድ የሚቀርብ ከሆነም ሮክቪል ሌላ ቅርንጫፍ አለ። እኔ ለራሴም ለጓደኞቼም ኮምፒውተር ስገጣጥም ዕቃ የማነሣው ከዚያው ነው። ሣጥኑን ከነማሸጊያው ዓይተህ፣ ዳብሰህ፣ በእጅህ ይዘህ ትወጣለህ፤ በየደጁ የተወረወረ ካርቶን አትቀበልም። የትኛው ቦርድ እንደሚሻል ደግሞ እዚያው ያሉት ሠራተኞች ይነግሯታል።

ቡር ዱባይ፦
ከወንድማችን ሐሳብ ጋር አልስማማም። ጥያቄው ቦርዱ ከተበላሸ በኋላ ምን ይደረጋል የሚል ነው እንጂ ሣጥኑ እንዴት ተይዞ ይወጣል የሚል አይደለም። የእነዚህ ቦርዶች ዋስትና ብዙውን ጊዜ በተገዙበት አገር ወይም አካባቢ የታሰረ ነው። ከአዲስ አበባ ዱባይ የአራት ሰዓት ያህል በረራ ነው፤ ሰው በየቀኑ ይመላለሳል፤ አንድ ቦርድ ይዞልህ የሚሄድ ዘመድ ወይም ጎረቤት አታጣም። ቡር ዱባይ ያለውን የኮምፒውተር ገበያ፣ አል አይን ሴንተርን፣ የማያውቅ ነጋዴ መርካቶ ውስጥ የለም። እርግጥ ነው፣ እንዲህ ያለውን ልዩ ቦርድ መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ አታገኘውም፤ አስቀድሞ ማዘዝ ያስፈልጋል።

ዋስትና የለኝም፦
ዋስትና ከተነሣ እኔም የደረሰብኝን ልናገር፤ የሱቁንም የአምራቹንም ስም አልጠራም። ከእነዚህ ጋር የሚስተካከል ውድ ቦርድ ከውጭ አስመጥቼ ገጥሜ ጥቂት ጊዜ ከሠራልኝ በኋላ፣ አንድ ቀን ጠዋት ስከፍተው ጥጉ ላይ ያለችው፣ የብልሽት ኮድ የምታሳየው ባለ ሁለት አሃዝ መስኮት 55 ላይ ቆማ ቀረች፤ ይህም ራም አልተገኘም ማለት ነው። ራሞቹን አንድ በአንድ በሁለቱም መሰኪያዎች ሞከርኋቸው፤ ሌላ ራም ተዋስሁ፤ ፕሮሰሰሩን በሌላ ቦርድ ላይ አድርጌ ፈተንሁት፤ እሱም ደኅና ነበር። ጥፋቱ የቦርዱ መሆኑ ግልጽ ስለነበር የሶኬቱን (የፕሮሰሰሩን መቀመጫ) ክዳን ገጥሜ፣ በመጀመሪያው ሣጥን አሽጌ፣ በሰው በሰው መለስሁት። ከብዙ ጥበቃ በኋላ የመጣልኝ ምላሽ አንድ ፎቶግራፍ ነው፤ ሶኬቱ ውስጥ ጥግ ላይ ያለች አንዲት የተጣመመች ፒን በቀይ ተከብባለች። ከሥሩ «በተጠቃሚው የደረሰ ጉዳት በዋስትና አይሸፈንም» ይላል። በፎቶው ላይ የቦርዱ መለያ ቁጥር ስለማይታይ ሶኬቱ የእኔ ቦርድ ይሁን የሌላ ሰው እንኳ ማወቅ አይቻልም። ለጥገና የጠየቁት ገንዘብ ሌላ ደኅና ቦርድ ይገዛል። ስለዚህ ወንድሜ፣ የትኛውን ልግዛ ከማለትህ በፊት ከማን ጋር እንደምትጣላ አስብበት።

ጽዮን ከሙኒክ፦
በጣም ያሳዝናል። ተመሳሳይ ነገር በቅርብ በማውቀው ሰው ላይ ደርሷል። እዚህ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ግን ከአምራቹ ዋስትና ሌላ በሕግ የተደነገገ የሁለት ዓመት የሻጭ ኃላፊነት አለ፤ ቢያንስ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ብልሽት ከታየ ዕቃው ሲሸጥ ደኅና እንደነበረ የማስረዳት ሸክም የሚወድቀው በሻጩ ላይ ነው። ደብዳቤ ስትጽፉ አምራቹን ትታችሁ ሻጩን ያዙ። እርስዎስ የገዙት ከየት አገር ነው?

ዋስትና የለኝም፦
ከአውሮፓ አይደለም እኅቴ። ቢሆንልኝማ ኖሮ እስካሁን ስከራከር እገኝ ነበር።

ቡር ዱባይ፦
ከዱባይም እንዳልሆነ ተስፋ አደርጋለሁ።

ዋስትና የለኝም፦
አልናገርም ብያለሁ።

ናይትሮጅን፦
እኔ የገረመኝ ሌላ ነው። መብራት በሚሄድበት፣ ሲመጣም ከፍ ዝቅ በሚልበት ከተማ ተቀምጦ፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን ለማቀዝቀዝ የተሠራ ቦርድ የሚገዛ ሰው አለ ማለት ነው? ወንድሜ፣ ሐሳብህ እውነት ከሆነ ቃሊቲ ወደሚገኘው የእንስሳት ማዳቀያ ሄደህ የኮርማ ዘር ከሚያቆዩበት ናይትሮጅን ጥቂት እንዲቀዱልህ ማመልከቻ አስገባ። ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ሆነህ ቦርዱ የተሠራበትን ሥራ ታሠራዋለህ፤ እግረ መንገድህንም ጊደር ታስጠቃለህ።

የሾላው፦
ስቄአለሁ፤ ናይትሮጅን ግን አላሰብሁም። የምጠቀመው ባለ 360 ሚሊሜትር የውሃ ማቀዝቀዣ ነው። ጥያቄዬ አሁንም በሦስቱ ቦርዶች መካከል ስላለው ልዩነት ነው።

ቮልት፦
ወደ ጥያቄው ልመለስ። ባለ አራት መሰኪያ ቦርድ ላይ ሁለት ራም ብቻ ብትሰካም፣ ወደ ባዶዎቹ መሰኪያዎች የሚሄደው የመዳብ መስመር እዚያው አለ፤ ምልክቱ ከጫፉ ተመልሶ እየተንጸባረቀ ዋናውን ምልክት ያደፈርሰዋል። በ6000 እና በ6400 ሜጋትራንስፈር የራም ፍጥነት ይህ ብዙም አይታወቅም፤ ከ8000 በላይ ስትወጣ ግን ኮምፒውተሩ እንዲነሣ ወይም እንዳይነሣ የሚወስነው እሱ ይሆናል። የሦስቱም ቦርዶች ዋና ጥቅም መስመሩ አጭር መሆኑና ሌላ ቅርንጫፍ የሌለው መሆኑ ነው። ስለዚህ በዚህ ረገድ አንዱን ከሌላው ለማስበለጥ መከራከር ከንቱ ድካም ነው፤ ከቦርዱ ልዩነት ይልቅ የደረሰህ ፕሮሰሰር የራም መቆጣጠሪያ ጥራት ይበልጣል፤ እሱ ደግሞ ዕጣ ነው።

ጥፋትን ለመለየት የሚጠቅሙት ነገሮች ሌሎች ናቸው። ወንድማችን የጠቀሳት ባለ ሁለት አሃዝ መስኮት፣ በቦርዱ ላይ ያሉ የማስነሻና እንደገና የማስጀመሪያ ቁልፎች፣ ያስገባኸውን ቅንብር ሳያጠፋ ወደ ባዮስ (የቦርዱ ማስነሻ ሶፍትዌር) የሚመልስህ ቁልፍ፣ እንዲሁም ፕሮሰሰር ባይኖርም ባዮሱን ከፍላሽ ላይ የሚጭነው ፍላሽባክ ዋነኞቹ ናቸው። በዚህ ዓይነት ቦርዶች ላይ እነዚህን በአብዛኛው ታገኛቸዋለህ። እኔ ብሆን ለጀማሪ አፔክስን የማስቀድመው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ ተጠቃሚው ብዙ በመሆኑ የራም ቅንብሮቹን በፎቶ የሚያካፍል ሰው ስለማይጠፋ፣ ከባዶ ከመጀመር ያድናል። ዋጋው ከሌሎቹ በጣም የራቀ ከሆነ ግን ርካሹን ወስጄ ልዩነቱን በራም ላይ አውለዋለሁ። ራሙም ኩዲም የሚባለው ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ በላዩ ላይ የራሱ የሰዓት ምልክት ማጽጃ ቺፕ ስላለው ከፕሮሰሰሩ የሚመጣውን ምልክት አጥርቶ ያስተላልፋል። ከመግዛትህ በፊት አምራቹ ፈትኖ ያጸደቃቸውን ራሞች ዝርዝር ከቦርዱ ገጽ ላይ ተመልከት።

ሌላም ልጨምር። ኢንቴል እንደ ፈረንጆቹ በ2025 ሚያዝያ ወር አካባቢ 200ኤስ ቡስት የተባለ ቅንብር አውጥቷል፤ ዜድ890 ቦርድ ላይ ከእነ 285ኬ ጋር ራሙን እስከ 8000 ድረስ የፕሮሰሰሩን ዋስትና ሳታፈርስ እንድታወጣው ይፈቅዳል። ከእሱ ተነሥተህ ብትቀጥል በባዶ ሜዳ አትንገላታም።

የፌርፋክሱ፦
አፔክስ መሆኑ ጥርጥር የለውም። በ2022 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ፕሮሰሰር ለመጀመሪያ ጊዜ 9 ጊጋኸርዝን የተሻገረው በአፔክስ ላይ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ማይክሮ ሴንተር ከጠፋ ብቻ ሌላ ቦታ ይታዘዝ።

ቮልት፦
ያ ክብረ ወሰን የተመዘገበው በዜድ790 አፔክስ ላይ፣ 13900ኬ የተባለውን ፕሮሰሰር በፈሳሽ ሂሊየም አቀዝቅዘው ነው። ሶኬቱም ትውልዱም ከዚህኛው የተለየ ነው። ሾላ ላይ በውሃ ለሚቀዘቅዝ 285ኬ የሚነግረን ነገር የለም።

የፌርፋክሱ፦
ያው አፔክስ አፔክስ ነው።

ተጫዋቹ፦
ይህን ሁሉ ገንዘብ ከማፍሰስ የኤኤምዲን ራይዘን 7 9800ኤክስ3ዲ ፕሮሰሰር ገዝቶ መካከለኛ ቢ650 ቦርድ ላይ መትከል አይሻልም ነበር? ለጨዋታ ከምርጦቹ አንዱ ነው፤ ኃይልም አይበላም። እኔ የገጠምሁት እሱን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ባዮስ ውስጥ ገብቼ አላውቅም።

ናይትሮጅን፦
ባዮስ ውስጥ መግባት የሚያስደስተውን ሰው «እኔ ገብቼ አላውቅም» ብሎ ማጽናናት የሚገርም ነው። ጠያቂው እኮ ከመጀመሪያው ጨዋታ አልጫወትም ብሏል።

ይልቅስ ከሾላ ብዙም ስለማልርቅ አንድ የማውቀውን ልናገር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። የውሃ ማቀዝቀዣ ቢሆንም በመጨረሻ ሙቀቱን የሚያወጣው ራዲያተሩ ላይ በሚነፍሰው አየር ስለሆነ፣ የውጭ አገር ገምጋሚዎች የሚያሳዩትን የሙቀት ቁጥር እንዳለ አትውሰድ። 285ኬ በፋብሪካው ቅንብር እስከ 250 ዋት ድረስ ይስባል፤ ገደቡን ካነሣህለት ከዚያም ያልፋል። የከተማው ብርድ ይክስልሃል፤ ቢሆንም በቀን ሞቅ ባለው ሰዓት ሳትፈትን ቅንብሩን አታጽድቅ። ራም ለመፈተን የሚያስፈልግህ ከሆነም ሥራ የፈታ ሁለት ዲዲአር5 ራም አለኝ፤ መጥተህ መውሰድ ትችላለህ።

ዋስትና የለኝም፦
እኔም ከመራራነቴ ወጥቼ ልርዳ። የአክስትህ ልጅ ቦርዱን ከመረከቧ በፊት እዚያው ሱቅ ውስጥ ሣጥኑ ተከፍቶ፣ ክዳኑ ተነሥቶ፣ ሶኬቱ በደንብ ብርሃን በሚያርፍበት አቅጣጫ ከአራቱም ጥግ ፎቶ ይነሣ። ፒኖቹ 1,851 ናቸው፤ ከአንድ ወገን ሲታዩ መስመራቸውን ጠብቀው ያንጸባርቃሉ፤ የተጣመመችው ብቻ ብርሃኑን ወደ ሌላ አቅጣጫ ትመልሳለች። የቦርዱ መለያ ቁጥርና ደረሰኙ በአንድ ፎቶ ውስጥ ይታዩ። አንተም ፕሮሰሰሩን ከመትከልህ በፊት በቪዲዮ ቅረጽ። ክዳኑን አትጣለው፤ ያለ እሱ የተመለሰ ቦርድ አንቀበልም የሚሉ አሉ።

ጽዮን ከሙኒክ፦
በጣም ጥሩ ምክር ነው። የእርስዎ ጉዳይ ግን ምን ላይ ደረሰ? ቦርዱን መለሱልዎ?

ዋስትና የለኝም፦
መልሰውልኛል፤ የማጓጓዣውን እኔ ከፍዬ። መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።

የሾላው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ፎቶውን ለአክስቴ ልጅ ነግሬአታለሁ። መብራትን በተመለከተ አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። አሁን ያለኝ ስታብላይዘር ብቻ ነው። ባዮስ እያደስሁ መብራት ቢሄድ ፍላሽባክ ያድነኛል? ወይስ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ የግድ ነው?

ቮልት፦
ፍላሽባክ ብዙ ጊዜ ያድናል። ፍላሹን ፋት32 አድርገህ፣ ፋይሉን መመሪያው በሚያዝዘው ስም ሰይመህ፣ በተመደበለት መሰኪያ ላይ ሰክተህ ቁልፉን መጫን ነው። ነገር ግን ባዮስ ብቻ አይደለም የሚያሰጋህ፤ ራም እየፈተንህ መብራት በሄደ ቁጥር ዲስክህ ላይ የሚጻፈው ሁሉ አደጋ ላይ ነው። ስታብላይዘር ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲቋረጥ አያቆይህም። ዩፒኤስ ስትገዛ በቪኤ የተጻፈውን ትልቁን ቁጥር ተወው፤ በዋት የተጻፈውን ተመልከት፤ ከፕሮሰሰሩና ከግራፊክስ ካርዱ ጠቅላላ ፍጆታም ያስበልጠው። ንጹሕ ሳይን ሞገድ የሚያወጣ መሆኑንም አረጋግጥ። አስመስሎ የሚያወጣው ርካሽ ዩፒኤስ ከአንዳንድ ዘመናዊ ፓወር ሰፕላዮች ጋር አይስማማም፤ መብራት ሄዶ ወደ ባትሪ ሲዞር ኮምፒውተሩ እዚያው ሊጠፋ ይችላል።

የፌርፋክሱ፦
ዩፒኤስም ማይክሮ ሴንተር አለ። ከቦርዱ ጋር አብራ ታምጣው።

ቮልት፦
የአሜሪካ ዩፒኤስ የተሠራው ለ120 ቮልት ነው። አዲስ አበባ 220 ነው።

ቡር ዱባይ፦
የዱባይ መብራት 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ ዩፒኤሱ ያለ ምንም የቮልቴጅ መቀየሪያ ይሠራል። ቦርዱንም አብሮ ከዚያው ማዘዝ ይቻላል፤ ዝርዝሩን በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።