ለቶዮታ ቪትዝ የተመታ አሎይ ቸርኬ መለወጥ ያዋጣል ወይ?

ሰላም እህቴ። ባሕር ዳር ላለው ወንድምሽ የቀረበለትን ልውውጥ አንብቤ ዝም ማለት አልሆነልኝም። አራት ደህና ባለ 14 ኢንች የብረት ቸርኬ (ጎማው የሚገባበት) ከነጎማው ሰጥቶ፣ ብር ጨምሮ፣ አራት ባለ 15 ኢንች አሎይ (የአሉሚኒየም ቸርኬ)፣ ከእነሱም ሁለቱ የተመቱ፣ ሊቀበል ነው። ጭማሪውን የምትልኪው ደግሞ አንቺ ነሽ። እኔ ከውጭ ተመልሼ የምኖረው እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ነው፣ የምነዳውም ቪትዝ ነው። በዚህ አኳኋን አይለውጥ ባይ ነኝ።

ሻጩ «ጠርዙ ትንሽ ተመቷል እንጂ ሌላ ችግር የለውም» ብሏል አልሽ። የትኛው ጠርዝ? የውጩን የእግረኛ መንገድ ፍቆት ከሆነ የመልክ ጉዳይ ነው፣ ይታለፋል። ወደ ፍሬኑ በኩል ያለው የውስጡ ጠርዝ ከታጠፈ ግን በፍጥነት ጉድጓድ ገብቷል ማለት ነው፤ ስንጥቅም ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከዚያ ነው። ቸርኬው መኪና ላይ እንደታሰረ ይህ አይታይም። ጎሚስታ (ጎማ ጠጋኝ) ቤት ወስደው ጎማውን ያስወልቁት። ቸርኬው ታጥቦ ከደረቀ በኋላ የታጠፈውን አካባቢ ላምባ ይቀቡት፣ ጥቂት ቆይተው በጨርቅ አጥርተው ይጥረጉት፣ ከዚያ የተፈጨ ጠመኔ ይነስንሱበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የተደበቀው ላምባ ወደ ጠመኔው ይወጣና ቀጭን የረጠበ መስመር ያሰምራል። ቀጥሎ ባዶውን ቸርኬ ባላንስ ማሽን ላይ ያሽከርክሩትና ካቻቢቴ ወደ ጠርዙ አስጠግተው ይያዙ። ክፍተቱ ሰፋ ጠበብ ካለ ቸርኬው ተጣሟል።

«ቢሰነጠቅም ይበየዳል» ቢሏችሁ አትመኑ። የብረት ቸርኬ ሲመታ ይታጠፋል፣ ጎሚስታው በመዶሻ ቀጥቅጦ ይመልሰዋል፣ ሥራውንም ይቀጥላል። አሎይ ግን አብዛኛው ቀልጦ በቅርጽ የተፈሰሰ አሉሚኒየም ነው፤ ጥንካሬው የመጣው ፋብሪካ ውስጥ በሙቀት ከተሰጠው ሕክምና ነው። የብየዳ እሳት ያን ጥንካሬ በነካው ቦታ ያጠፋዋል። ክንዱ (ከመሃል ወደ ጠርዝ የሚዘረጋው) ላይ ወይም ብሎኖቹ በሚገቡበት አካባቢ የተሰነጠቀ አሎይ በነፃ ቢሰጥም አይወሰድ። ወንድምሽ ልጆች ጭኖ ነው የሚነዳው።

«ለቪትዝ ልክ ይገባል» ቢባልም ሙሉ መልስ አይደለም። የቪትዝ ብሎኖች አራት ናቸው፣ የሚዞሩበት ክብ 100 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለምሳሌ ሆንዳ ፊት (Fit) የሚባለው መኪናም እንዲሁ ነው፣ ስለዚህ ቸርኬው ይታሰራል። ነገር ግን የቪትዝ ሞዞ (ቸርኬው መሃሉ ላይ የሚገባበት የመኪናው ክፍል) 54.1 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሆንዳ ፊት ቸርኬ መሃል ቀዳዳ 56.1 ነው። መሃል የሚገባ ቀለበት ካልተጨመረበት መሪው ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ብሎኑ ላይ የሚጠብቀውን ዳዶም ከቸርኬው ጋር ይቀበል፤ አንዳንድ የቶዮታ አሎይ ጠፍጣፋ ዋሸር ያለው ዳዶ ይፈልጋል፣ የብረቱ ግን ሾጣጣ ነው።

የጎማውን ነገር ደግሞ አስቢበት። 165/70 ባለ 14 ጎማ የጎኑ ቁመት ወደ 115 ሚሊ ሜትር ነው፤ 195/50 ባለ 15 ግን ከ98 አያልፍም። ክረምት ላይ ጉድጓዱ ውሃ ሞልቶ አስፋልት መስሎ ይታያል፣ ከከተማ ወጣ ሲልም ፒስታ (የጠጠር መንገድ) አለ። ቸርኬውን ከምት የሚያድነው ይህ ቁመት ነው፤ እነዚያን ሁለት ቸርኬዎች ያስመታቸውም የእሱ ማነስ ሊሆን ይችላል። ጎማው ላይ የተጻፉትን የመጨረሻ አራት አኃዞችም ያንብብ፤ 2319 ማለት በ2019 እንደ ፈረንጆች 23ኛው ሳምንት ተመረተ ማለት ነው።

በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለና ሐምሌ ላይ ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያለውን መኪና ጠግኖ መያዝ ግድ ሆኗል። ደህና የብረት ቸርኬ ከነጎማው ንብረት ነው፣ በቀላሉ አይለቀቅ።

አሎዩን በጣም ከወደደው የራሱን አስቀምጦ፣ አራቱም ከተፈተሹ በኋላ በጥሬ ገንዘብ ይግዛ። ሻጩ ጎማ ማስወለቅ አልፈልግም ካለ ነገሩ እዚያው ይብቃ። ብሩን ከመላክሽ በፊት የእያንዳንዱን ቸርኬ የውስጥ ፎቶ ይላክልሽ። ቅዳሜ ከሰዓት ጎሚስታ ቤት አብሬው ልሄድ እችላለሁ፤ የምንገናኝበትን በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።