ደረትና ትራይሴፕስ በአንድ ቀን፦ ስንት ዙር ይበቃል?

የሽምብጥ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ። እዚህ ባሕር ዳር ጂም ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ደረትና ትራይሴፕስ (የላይኛው ክንድ የኋላ ጡንቻ) የምሠራው ሰኞ ሰኞ ብቻ ነው። ቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተኝቶ ብረት መግፋት) 5 ዙር፣ ኢንክላይን (ያው ግፊት፣ ወንበሩ ዘንበል ብሎ) 5፣ የዳምቤል ፍላይ (አጫጭር ብረት ይዞ እጅን ዘርግቶ መሰብሰብ) 4፣ ፑሽ አፕ 4። ከዚያ ወደ ትራይሴፕስ፦ ጠባብ ቤንች (እጅን አጠጋግቶ) 4፣ ዲፕስ (በሁለት ብረት መሃል ሰውነትን በእጅ ዝቅና ከፍ ማድረግ) 4፣ በኬብል ፑሽ ዳውን (የማሽኑን ገመድ ወደ ታች መግፋት) 4። ሁሉንም እጄ እስኪዝል ነው የምገፋው፣ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ግን ቤንች ላይ የማነሳው ኪሎ ከገና ወዲህ ንቅንቅ አላለም፣ ክንዴም ያው ነው፣ አሁን ደግሞ ዲፕስ ላይ ዝቅ ስል ክርኔን ይወጋኛል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «አንሶህ ነው፣ ጨምር» ይለኛል። እውነት አንሶኝ ነው? ጾም ላይ መሆኔንም አትርሱ።

ዓባይ ማዶ፦
አላነሰህም ወንድሜ፣ ለአንድ ቀን በዝቶብሃል። ቁጠረው እስቲ፣ 30 ዙር እኮ ነው! ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ፤ ቤንች ስትገፋ ክርንህን የሚዘረጋልህ ትራይሴፕስ ነው። ስለዚህ ፑሽ ዳውን ጋ ስትደርስ ትራይሴፕስህ ቤንቹንም ኢንክላይኑንም ፑሽ አፑንም አብሮ ሠርቶ ደክሞ ነው የሚጠብቅህ። እኔ የደረት ግፊትን ለትራይሴፕስ በግማሽ ነው የምቆጥረው። ያንተ 14 የግፊት ዙር 7 ይሆናል፣ ከ12ቱ ጋር 19። ክርንህ ቢጮህ ምን ይገርማል?

በፈረንጆቹ 2017 የጡንቻ እድገት ተመራማሪው ብራድ ሾንፌልድና ባልደረቦቹ ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ፣ ለአንድ ጡንቻ በሳምንት 10 ዙርና ከዚያ በላይ የሠሩ ሰዎች ከዚያ በታች ከሠሩት የተሻለ አድገዋል። በሳምንት ነው የተባለው፣ በአንድ ቀን አይደለም። ስለዚህ ለሁለት ክፈለው። ሰኞ ቤንች 4 ዙር፣ ኢንክላይን በዳምቤል 2፣ ትራይሴፕስ 3። ሐሙስ የዳምቤል ፕሬስ 3፣ ፍላይ 2፣ ትራይሴፕስ 3። ደረት 11 ሆነልህ፣ ትራይሴፕስም ከግማሹ ጋር ተደምሮ ከ10 በላይ ነው። ከባዶቹ ላይ በየዙሩ መሃል ሁለት ሦስት ደቂቃ እረፍ። ደግሞ እስክትዝል አትግፋ፣ አንድ ወይ ሁለት ጊዜ ልትጨምር እንደምትችል እየተሰማህ አቁም።

ታንኳ፦
ከዓባይ ማዶ ጋር እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ልጨምር። የጻፍካቸው የትራይሴፕስ እንቅስቃሴዎች በሙሉ ክንድ ወደ ፊት ወይ ወደ ታች ሆኖ የሚሠሩ ናቸው። ትራይሴፕስ ሦስት ራስ አለው፣ ረጅሙ ራስ የሚነሳው ከትከሻ አጥንት ነው። እሱ በደንብ የሚለጠጠው ክንድህ ከጭንቅላትህ በላይ ሲሆን ነው፣ ቤንች ብዙም አይነካውም። በፈረንጆቹ 2022 የወጣ አንድ የጃፓኖች ጥናት አለ፤ የዚያኑ ሰው አንዱን ክንድ ከራስ በላይ፣ ሌላውን ወደ ታች ለ12 ሳምንት አሠርተው ሲለኩ ከራስ በላይ የሠራው ክንድ የበለጠ አደገ። ስለዚህ የሰኞዎቹን 3 ዙር ከራስ በላይ በኬብል ወይ በዳምቤል አድርጋቸው። ዲፕሱን ለጊዜው ተወው። ክርንህ በሁለት ሦስት ሳምንት ካልተሻለው ፊዚዮቴራፒስት ይየው፣ እባክህ በህመም ላይ አትሥራ።

ጊዮን፦
እኔ 10 ዙር ለሁሉም ይበቃል አልልም። ለዓመታት የሠራ ሰው 15ም 20ም ሊያስፈልገው ይችላል፣ እኔ ራሴ በዚያ መጠን ነው የማድገው። ላንተ ግን ከታች ጀምሮ መጨመሩ ይሻላል፤ ኪሎህ እየወጣ ከሆነ ዙር አትንካ፣ ሲቆም ብቻ በሳምንት አንድ ሁለት ዙር ጨምር።

ስለ ጾሙ። ለጡንቻ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደትህ 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይመከራል፣ 70 ኪሎ ከሆንክ 112 ግራም ነው። በሽሮ ብቻ አይሞላም። 100 ግራም ደረቅ ምስር 25 ግራም ገደማ አለው፣ ሽምብራም ወደ 20። ምስርና ክክ ወጥ ይብዛ፣ እንጀራው ይነስ፣ ለውዝ ኪስህ ውስጥ ይኑር። ጾምህ ዓሣ የሚፈቅድልህ ከሆነማ ጣና ደጅህ ነው፣ ቆረሶ ብላ! እስከ 9 ሰዓት የምትጾም ከሆነ ምግብ ከመቅመስህ ትንሽ ቀደም ብለህ ሥራ፣ ከዚያ ወዲያው ብላ። በዚህ ሙቀት ውሃ ሳትጠጣ ከባድ ነገር ባታነሳ ግን ይሻልሃል፣ ልምምዱን ወደ ማታ አዙረው።

የሽምብጥ ልጅ፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሐሙስ ግን ሥራዬ ጂም አያስገባኝም። ጠዋት ጣና ዳር እሮጣለሁ፣ እዚያው ፑሽ አፕ ብሠራ ይቆጠራል? ሰኞስ ከስንት ኪሎ ልጀምር?

ዓባይ ማዶ፦
በደንብ ይቆጠራል፣ እስከከበደህ ድረስ። እግርህን አግዳሚ ወንበር ላይ ስቀል፣ 3 ዙር እጅህን ሰፋ አድርገህ፣ 3 ዙር ጠበብ አድርገህ። ጠባቡ ክርንህን ከወጋው እጅህን በትከሻህ ልክ መልሰው። 30 በቀላሉ የምትሠራ ከሆነ አንድ ድንጋይ ቦርሳ ውስጥ ክተትና ተሸከመው። ከሩጫው በፊት ሥራው፣ ደክመህ አይደለም።

ቤንች ላይ ከአሁኑ ኪሎህ 10 በመቶ ቀንስ። 4ቱንም ዙር 8 8 ጊዜ ገፍተህ ስትጨርስ በሚቀጥለው ሰኞ ሁለት ኪሎ ተኩል ጨምር። ስልክህ ላይ እየጻፍክ ያዘው።