የጨው መፍትሔ ምንድነው? ቃል መሸምደድ ይቅር ወይስ ይቀጥል

የ9ኛ ክፍል አባት፦
ሰላም ለቤቱ። አንድ ነገር ላንሳና ተከራከሩበት። የልጄ ትምህርት ቤት በየሳምንቱ 40 የእንግሊዝኛ ቃል ከነአማርኛ ፍቺው ያስሸመድዳል። ዓርብ ዓርብ ፈተና አለ። ያልመለሰ ክፍለ ጊዜውን ቆሞ ይጨርሳል። ትናንት ማታ ደብተሩን አየሁት። «ሶሉሽን = መፍትሔ»፣ «ፕሮዳክት = ምርት» ይላል። ሁለቱም ራይት አግኝተዋል። ከዚያ የኬሚስትሪ የቤት ሥራውን ስንከፍት ጨው ውሃ ውስጥ ስለሟሟበት ሶሉሽን ይጠይቃል። ልጁ «አባዬ፣ የጨው መፍትሔ ምንድነው?» አለኝ። ሒሳቡ ደግሞ የሁለት ቁጥሮችን ፕሮዳክት አውጣ ይላል። ማባዛት መሆኑን አላወቀም። እኔ ሽምደዳው ይቅር ባይ ነኝ። እናንተስ?

መምህር ነኝ፦
አልስማማም። ክፍሌ ውስጥ 70 ልጅ አለ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ስም ጠርቼ፣ ሰሌዳ አጥፍቼ ስጨርስ የቀረኝን አስሉት። ቃል የሌለው ልጅ ምን ያነባል? ባዮሎጂውን እያወቀ ጥያቄው ምን እንደሚል ሳይገባው የሚወድቅ ስንት አለ። በ2014 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ተፈትነው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2።

የፕላዝማ ትውልድ፦
መምህር፣ ያን ሁሉ ውድቀት በቃላት እጥረት አታሳብቡት እንጂ። ደግሞ እኛም ሸምድደናል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፕላዝማ፣ ያ በቴሌቪዥን የሚሰጠው ትምህርት፣ ሲገባ ትዝ ይላችኋል? ሴትዮዋ ትጠይቃለች፣ ጥቂት ሰከንድ ትጠብቃለች፣ ማናችንም አፋችንን ሳንከፍት «ዌል ደን!» ትለናለች። ሃሃሃ። ቃሉ እንደ ዝናብ ወረደብን፣ ግን ጠብ ያለልን ነገር የለም።

ተርጓሚዋ፦
እኔ የምለው ሌላ ነው። ለስህተቱ በር የሚከፍተው ያው የአማርኛ ፍቺው ነው። «ዲስከስ = ተወያየ» ብሎ የያዘ ልጅ «ስለ»ንም ከአማርኛው ይዞ ይመጣል። «ዲስከስ አባውት» ይላል። እንግሊዝኛው አባውት አይፈልግም። «ኤክስፕሌይን = አስረዳ» ያለው ደግሞ «ኤክስፕሌይን ሚ» ይላል፤ እኛ «አስረዳኝ» ብለን በአንድ ቃል ስለምንጨርሰው። ትክክሉ «ኤክስፕሌይን ኢት ቱ ሚ» ነው። «ካን ዩ ቦሮው ሚ ዮር ፔን» ሲባል ያልሰማ መምህር ካለ እጁን ያውጣ። ተዋሰና አዋሰ ለእኛ አንድ ሥር ናቸው። ቦሮውና ሌንድ ግን አይዛመዱም። «ኦልዞው» ብሎ ጀምሮ መሃል ላይ «በት» የሚጨምረውም «ምንም እንኳ... ግን» ስለምንል ነው። ልጁ ሰነፍ አይደለም። በእንግሊዝኛ ቃል አማርኛ እየተናገረ ነው። እኔ ራሴ ስልክ ሲዘጋብኝ «ሂ ክሎዝድ ዘ ፎን» እያልኩ ነው ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩት።
ስለዚህ ዝርዝሩ አይቅር። ቃሉ ግን ብቻውን አይጻፍ። «ዲስከስ ዘ ፕላን» ተብሎ ከነጎረቤቱ ይያዝ።

የዘንድሮ ተፈታኝ፦
እኔ 8ኛ ክፍል ሆኜ በጠዋት 2 ሰዓት ትምህርት ቤት እሄዳለሁ ለማለት «አይ ጎ ቱ ስኩል አት ቱ ኦክሎክ ኢን ዘ ሞርኒንግ» ብዬ አነበብኩ። ቲቸር «በዚያ ሌሊት? ሌባ ነሽ እንዴ?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የፈረንጅ ሰዓት በ6 ሰዓት እንደሚለይ ግን ማንም አልነገረኝም። ከዚያ እስከ 10ኛ ክፍል እጄን አላወጣሁም። ቃሉን እንዴት እንደምንይዝ ትከራከራላችሁ፣ ስንሳሳት እንዴት እንደምንታረምም ብታነሱት?

ከሜሪላንድ፦
እዚህ አሜሪካ ኤስ ኤ ቲ የሚሉት የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ዐረፍተ ነገር በከባድ ቃል አሟላ የሚለውን ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2016 አስቀርቶታል። አሁን ቃሉ የሚጠየቀው ምንባብ ውስጥ ነው። ልጆቹን አስነብቧቸው በቃ። አብርሆትን የመሰለ ቤተ መጻሕፍት አላችሁ አይደል?

መምህር ነኝ፦
ወንድሜ፣ አብርሆት ያለው አዲስ አበባ ነው። እኔ ያለሁት ወረዳ ነው። የመማሪያ መጽሐፉ እንኳ ለሦስት ልጅ አንድ ነው።

ዝምተኛው፦
ከሥሩ እንነጋገራ። እንደየክልሉ ከ7ኛ ወይም ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሳይንሱ በአንድ ክረምት ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። በአፍ መፍቻው ቢቀጥል ምን ነበረበት?

ተርጓሚዋ፦
እሱ ለብቻው ይከፈት፣ ትልቅ ነገር ነው። እስኪወሰን ድረስ የዘንድሮው ልጅ ምን ይሁን?

መምህር ነኝ፦
የጎረቤቱን ነገር ሳስበው አደርኩ። 40 ቃል ከነጎረቤቱ አይሆንም፣ ወደ 12 አወርደዋለሁ። አማርኛውን ግን አልተውም። ፊዚክስ ውስጥ ሻንጣ ተሸክሞ ዝም ብሎ የቆመ ሰው «ወርክ» አልሠራም። ላብ ቢያሰምጠውም ዜሮ ነው፣ ሻንጣው አልተንቀሳቀሰማ። «ወርክ = ሥራ» ብሎ የያዘ ልጅ ይህን እንዴት ይቀበላል? ቁጭ አድርጌ በአማርኛ ካላስረዳሁት በጭራሽ። ተፈታኟ ያልሽው ደግሞ ነክቶኛል። እኔም ስቄ አውቃለሁ።

የ9ኛ ክፍል አባት፦
40 ወደ 12? እኛ ትምህርት ቤትም ይህን የሚሰማ በተገኘ። ልጄ ዛሬ በራሱ ጊዜ «ሶልት ሶሉሽን» ብሎ ጽፎ አጠገቡ ብርጭቆ ሣለበት። «የጨው መፍትሔ» የሚለውን ግን አልሰረዘውም። ያስቀኛል አለ።