ዕድሜው 14 ነው፤ መዝገቡ ላይ ግን 17 ተጽፏል

ጥያቄ፦ አክስት ከገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ (ረቡዕ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2015 ዓ.ም.)

ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ልጇን የማሳድገው እኔ ነኝ። ትናንት ማታ ሁለት የሰፈር ጎረምሶች ይዘውት ታይዋን ገበያ ሄዱ። አንዱ 20፣ ሌላው 22 ዓመቱ ነው። እነሱ ባለሱቁን ሲያነጋግሩ ልጁ ሁለት ስልክ በደብተር ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ሲሯሯጡ ደቻቱ ወንዝ አሸዋው ላይ የተያዘው እሱ ብቻ ነው፤ ትልልቆቹን ሌሊት ከቤታቸው አመጧቸው።

የተወለደው መጋቢት 12 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው። ቁመቱ ረዝሟል፣ ድምፁም ጎርንኗል፤ ጣቢያ ላይ 17 ብለው መዘገቡት። ከአዋቂዎች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነው ያደረው። የልደት ምስክር ወረቀት የለውም። ጎረቤቴ «የ10 ሺህ ብር ዋስ ይጠይቁሻል» ስላለችኝ የጋብቻ ቀለበቴን ልሸጥ ነው። ከነዚያ ጋር አብሮ ሊፈረድበት ነው? ጉዳዩ ሳያልቅ መጋቢት ደርሶ 15 ቢሞላውስ? ባለሱቁ «ክፈሉኝና ልተው» ብሏል፤ ብከፍል ያልቃል?

መልስ፦ ጡረተኛው የፍርድ ቤት ሬጅስትራር (መዝገብ ያዥ)፣ ከዚራ

እህቴ አይዞሽ። ቀለበቱን ከጣትሽ አታውልቂ።

በወንጀል ሕጋችን ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ሕፃን አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው «ወጣት ጥፋተኛ» ነው፤ ቁጥር 53 የአዋቂ ቅጣት እንዳይጣልበት፣ ከአዋቂ ጋርም እንዳይታሰር ይከለክላል። ከ15 በላይ ሆኖ 18 ያልሞላው ግን በቁጥር 56 መሠረት በመደበኛው ሕግ ይዳኛል። ዳኛው ሊያቀልለት ይችላል፣ የሞት ቅጣትም አይፈረድበትም፤ መንገዱ ግን የአዋቂ መንገድ ነው። እንግዲህ ያ መዝጋቢ በእስክሪብቶው የጨመራቸው ሦስት ዓመታት ልጁን ከአንዱ ሕግ ወደ ሌላው አሻግረውታል። ሌላውን ሁሉ ትተሽ መጀመሪያ እሱን አስተካክዪ።

የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 172 እንዲህ ያለ ልጅ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። የሚያቀርበው ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ወላጅ፣ አሳዳጊ ወይም ከሳሹ ራሱ ሊሆን ይችላል። ጉዳዩ ለሌላ ቀን ከተቀጠረ ልጁ ለወላጁ፣ ለአሳዳጊው ወይም ለዘመዱ ይሰጣል፤ ማንም ከሌለው ለሚታመን ሰው። ተረካቢው በቀጠሮው ቀን አቀርበዋለሁ ብሎ ኃላፊነት ይወስዳል። ሕጉ እዚህ ላይ የሚፈልገው ሰው ነው፤ ስለ ብር አያወራም።

የሚሰማውም በዳኛው ጽሕፈት ቤት ነው፤ ሕዝብ አይገባም፣ አካሄዱም ከችሎት ወግ የላላ ነው። ስንት ጊዜ መዝገብ ይዤ ገብቻለሁ። አዋቂው ችሎት ላይ የተከሳሽ ሳጥኑን ይዞ ይቆማል፤ ልጅ ግን ጠረጴዛው ፊት ወንበር ላይ ይቀመጥና እግሩ መሬት ሳይነካ የዳኛውን የቀለም ማኅተም ሲያይ ይውላል። አንዱ «ይህ ምን ያደርጋል?» ብሎ ጠይቆ ዳኛዋ በነጭ ወረቀት ላይ መትታ አሳይታዋለች።

ጥፋተኛ ቢባል እንኳ ውሳኔው ተግሳጽ፣ በጥበቃ ሥር ማስተማር፣ በትምህርት ቤት ወይም በቤት ተወስኖ መቆየት ሊሆን ይችላል። ከባዱ ጸባይ ማረሚያ መግባት ነው፤ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት፣ 18 ዓመት ከሞላው በኋላ ግን አይቀጥልም። እንዲህ ያለ ተቋም በየከተማው ስለሌለ፣ እኔ ባየሁት፣ ዳኞች ዘመድ ያለውን ልጅ ለዘመዱ መስጠት ይመርጣሉ። ስለዚህ አንቺ ራስሽ ቅረቢ። አሳዳጊ መሆንሽን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀበሌ አውጪ፤ የልጁ መዝገብ ከትልልቆቹ ተነጥሎ እንዲታይም በጽሑፍ አመልክቺ።

መልስ፦ እናት ነኝ፣ ሳቢያን

የእኔን ልጅም በቁመቱ ነበር የገመቱት። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ስለሆነ የ2000 ልጅ ወረቀት ባይኖረው አይገርምም። የተከተበበት ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ካርዱ ቢጠፋ እንኳ የክትባት መዝገቡ ሊኖር ይችላል፤ የእናቱን ስምና ዓመቱን ይንገሯቸው፣ በማኅተም ጽፈው ይስጡዎት። አንደኛ ክፍል ሲገባ የተሞላውን ቅጽም ከትምህርት ቤቱ ይጠይቁ፤ የክርስትና ካርድ ካለም ይያዙ። ዋናው ነገር ወረቀቱ ከክሱ በፊት የተጻፈ መሆኑ ነው።

ሐኪም ቤት ልከው የእጅ አንጓውን ራጅ ሊያስነሱት ይችላሉ። የእኔን ልጅ ከ15 እስከ 17 ብለው ጻፉለት፣ እኔ ደግሞ የወለድኩበትን ቀን አውቃለሁ! ራጅ ይገምታል እንጂ ልደት አይቆጥርም። ዳኛው የተቀበሉት የትምህርት ቤቱን መዝገብ ነው።

መጋቢትን አይፍሩ፤ የሚታየው ድርጊቱ በተፈጸመበት ቀን የነበረው ዕድሜ ነው።

መልስ፦ ባለሱቅ

ቅር አይበላችሁና እኔም ሱቅ አለኝ። ባለፈው ዓመት ሦስት ስልክ ወስዶብኝ የሄደው ልጅ 12 ዓመቱ ነበር። በሳምንቱ በሱቄ በር ሲያልፍ ሰላም አለኝ። ትልልቆቹ ሕፃን የሚልኩት ሕፃን እንደማይታሰር ስለሚያውቁ ነው። ለእኔስ ማን ይዘንልኝ? ሦስቱን ስልክ ማን ይተካልኝ?

መልስ፦ ጡረተኛው ሬጅስትራር

ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል፤ ግን ገንዘብህን የምትጠይቅበት ቦታ ሌላ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2124 አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ላደረሰው ጉዳት አባትን ኃላፊ ያደርጋል፤ ልጁን በቤቱ የሚያኖር ሌላ ሰውም በአባት ቦታ ይተካል። አንተ በዚያ መክሰስ ትችል ነበር።

እህቴ፣ ይህ አንቺንም ይመለከታል። ስልኮቹ ካልተመለሱ ወይም ከተሰበሩ ብትከፍዪ መልካም ነው፤ ደረሰኝ ተቀበዪ። ክፍያው ግን የወንጀሉን መዝገብ አይዘጋውም፤ በቤተ ዘመድ መካከል ካልሆነ በቀር ስርቆት ከሳሹ ስለታረቀ ብቻ የሚቀር ወንጀል አይደለም። ዳኛው ሲወስን ግን ዕርቁን ያየዋል። ሽማግሌዎች ፊት «ልጁ ሰርቋል» የሚል ወረቀት ላይ ግን አትፈርሚ፤ ያንን የሚለው ፍርድ ቤት ነው።

መልስ፦ የጀጎል ልጅ፣ ሐረር

አክስቴ፣ እኔ 16 ዓመቴ ሳለ ተይዤ ነበር። የእኛ ፍርድ ቤት የክልል ነው፣ የወንጀል ሕጉ ግን ያው አንድ ነው። ከ15 በአንድ ዓመት በልጬ ከአዋቂ ጋር በካቴና ቀረብኩ። ዳኛው ዕድሜዬን ቆጥረው ቅጣቱን አቀለሉልኝ፤ አሥር ወር ታሰርኩ። ከዚያ በኋላ ሥራ ስፈልግ «ከወንጀል ነፃ» የሚል ወረቀት አምጣ በተባልኩ ቁጥር ሆዴ ይቆረጣል። ለእርስዎ ልጅ የሚወሰነው እርምጃ ግን በወንጀል ሕጉ ቁጥር 165 መሠረት እንደ ወንጀል ቅጣት አይቆጠርበትም። ስለዚያ 15 ዓመት እስከ መጨረሻው ይከራከሩ።

ሌላው ነገር፣ ዛሬውኑ ከነዚያ ልጆች ክፍል ያስወጡት። «አንተ ሕፃን ነህ፣ ሁሉንም በራስህ ላይ ውሰደው» ይሉታል። እኔን ብለውኛል፤ እኔም ሰምቻቸዋለሁ።

አክስት ከገንደ ቆሬ (ቅዳሜ፣ ጥቅምት 12)

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ሐሙስ ጤና ጣቢያ ሄጄ መዝገቡ ተገኘ። ነርሷ አቧራውን በነጠላዋ ጠርጋ ገጹን ስትገልጥ የእህቴ ስም፣ ከጎኑ መጋቢት 2000፣ የመጀመሪያ ክትባት ይላል። አርብ ጠዋት ፍርድ ቤት ቀረብን። ዳኛዋ ወረቀቱን አይታ ዕድሜው 14 ተብሎ እንዲታረምና መዝገቡ እንዲነጠል አዘዘች፤ እኔም ፈርሜ ተረከብኩት። ብር የጠየቀኝ የለም። ቀጠሮው ጥቅምት 25 ነው። ቤት ሲገባ ሳይታጠብ ተኛ፤ እስከ አሥር ሰዓት አልነቃም።

አንድ ነገር ቀረኝ። የደብተር ቦርሳው በማስረጃነት ተይዟል፤ ደብተሮቹ ውስጡ ናቸው። ሰኞ ደግሞ የሒሳብ ፈተና አለው።

መልስ፦ ጡረተኛው ሬጅስትራር

ማስረጃው ቦርሳው ነው እንጂ ደብተሮቹ አይደሉም። ሰኞ በጠዋት በአንድ ገጽ ማመልከቻ ደብተሮቹ ብቻ ተቆጥረው እንዲመለሱ ጠይቂ፤ የመዝገብ ቁጥሩን ከላይ መጻፍ አትርሺ። ለፈተናው ከጓደኛው ተውሶ ያጥና።